ባጁ ሜዳ ላይ ይገኝ፦ ስካውቶችን ከመጀመሪያው ቋጠሮ ራሳቸው እስከሚመሩት ካምፕ የማድረስ አሠራር

የደረጃ ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር ተፈርሞበት፣ ደረቱና ክንዱ በባጅ (ለቻሉት ክህሎት በሚሰጥ ምልክት) ተሸፍኖ፣ ነገር ግን እንጨቱ ትንሽ ከረጠበ እሳት ማንደድ የማይሆንለት ስካውት በብዙ ቡድን ውስጥ አለ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። አዳራሽ ተቀምጦ የሰማውን ነገር "ችሏል" ብሎ የፈረመለት አዋቂ ነው ተጠያቂው።

ይህ መመሪያ ከ11 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ስካውቶችን ለሚመሩ አዋቂዎችና ለትልልቆቹ ስካውቶች የተዘጋጀ ነው። ቅደም ተከተሉ በአንድ ሐሳብ ላይ ይቆማል፦ መጀመሪያ ጉዞውንና ካምፑን አቅዱ፣ ባጁ ከዚያ ይወጣል። ባጅ ለመልቀም ብቻ ሜዳ የሚወጣ ቡድን ጥሩ ካምፕም እውነተኛ ባጅም አያገኝም።

ከመነሣት በፊት፦ መጽሐፉን አንብቡ፣ ዓመቱን በጉዞ አስሉ

እያንዳንዱ የስካውት ማኅበር የራሱ የደረጃ ሥርዓት አለው። በአሜሪካ ሰባት ደረጃዎች አሉ፤ የመጨረሻው "ንስር" ይባላል፤ እዚያ ለመድረስ በ18ኛው የልደት ቀን ሳይቀደሙ 21 የሙያ ባጆችን ማሟላት ያስፈልጋል። በብሪታኒያ ደግሞ ከቤት ውጪ ያደሩበት ሌሊት ራሱ ይቆጠራል፤ ከአንድ ሌሊት ተነሥቶ እስከ 200 ሌሊት ድረስ በየደረጃው ባጅ አለው። ይህኛው ቆጠራ በግሌ ይበልጥ ይማርከኛል። ሌሊት አይጭበረበርም፤ ወይ ታድሯል ወይ አልታደረም።

የእናንተ ማኅበር ሥርዓት የትኛውም ይሁን፣ የደረጃ መጽሐፉን ስታነቡ ዓይናችሁን ግሡ ላይ ጣሉ። "ግለጽ"፣ "አሳይ"፣ "ሥራ" እና "አስተምር" አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መጽሐፉ "ድንኳን ትከል" ካለ ስለ ድንኳን ማውራት አይቆጠርም። በአንጻሩ "ግለጽ" ብቻ ካለ፣ ከራሳችሁ ጨምራችሁ ልጁን ተጨማሪ ፈተና ላይ አትጣሉት። አንዳንድ መሪ ከባድ በመሆኑ ይኮራል፤ ነገር ግን መስፈርት ላይ መጨመርም ከመስፈርት የመቀነስን ያህል ጥፋት ነው።

ከዚያ በኋላ የዓመቱን መውጫ ቀናት ቁረጡ። ቅደም ተከተሉ ግማሽ ቀን የእግር ጉዞ፣ ሙሉ ቀን ጉዞ፣ የአንድ ሌሊት ካምፕ፣ ከዚያም የሁለት ወይም የሦስት ሌሊት ካምፕ ይሁን። ቀኖቹ ከተወሰኑ በኋላ የደረጃ መጽሐፉን አውጡና እያንዳንዱን መስፈርት በሚስማማው መውጫ ሥር ጻፉ። ካርታና ኮምፓስ በሙሉ ቀን ጉዞ፣ ምግብ ማብሰል በአንድ ሌሊት ካምፕ፣ የምሽት አቅጣጫ ፍለጋ በሁለት ሌሊት ካምፕ ሥር ይገባሉ። ለየትኛውም መውጫ የማይስማማ መስፈርት ካገኛችሁ፣ የሳምንታዊው ስብሰባ ሥራ እሱ ነው።

በትልቅ ወረቀት ላይ የልጆቹን ስም ከላይ ወደ ታች፣ ክህሎቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ክህሎቱን ሠርታችሁ ለልጁ ስታሳዩት አንድ ሰያፍ መስመር፣ በእርዳታ ሲሠራ ክሮስ፣ ብቻውን ሲሠራ ክብ አድርጉበት። ፊርማ የሚገባው ክቡ ላይ ሲደረስ ነው። ወረቀቱ ለልጆቹም ይጠቅማል፤ ማን ምን እንደሚያውቅ ስለሚታይ፣ ከመሪው ይልቅ እርስ በርስ መጠያየቅ ይጀምራሉ።

ልጆቹን በፓትሮል ክፈሉ

የስካውት እንቅስቃሴ መሥራች ሮበርት ቤደን ፓወል በ1907 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ በብራውንሲ ደሴት የሙከራ ካምፑን ሲያካሂድ፣ ወደ 20 የሚጠጉትን ልጆች በአራት ፓትሮሎች ከፍሏቸው ነበር። ልጆቹ ከሀብታምም ከሠራተኛም ቤተሰብ የመጡ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ፓትሮል የራሱ መሪ ነበረው። ያ አሠራር እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ የሚሻርበትም ምክንያት የለም።

ፓትሮል ማለት ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች የሚገኙበት፣ አብሮ የሚያበስል፣ አብሮ የሚተኛና አብሮ የሚጓዝ ጓድ ነው። በዕድሜ አትለዩዋቸው፤ አዲስ የገባውና ሦስት ዓመት የቆየው አንድ ላይ ይሁኑ። አዋቂው የሚያስተምረው ፓትሮል መሪዎቹን ነው፤ እነሱ ደግሞ የየራሳቸውን ልጆች ያስተምራሉ። ብዙ አዋቂዎች እዚህ ላይ ትዕግሥታቸው ያልቃል። የ14 ዓመት ልጅ ሲያስተምር ዘገም ይላል፣ ይሳሳታል፣ ይስቃል። ተዉት። ጣልቃ መግባት የሚፈቀደው ስለት፣ እሳት፣ ውሃ ወይም ገደል ሲኖር ብቻ ነው።

የማስተማሪያው መንገድ ለሁሉም ክህሎት አንድ ነው። መጀመሪያ ሳትናገሩ በሙሉ ፍጥነት ሠርታችሁ አሳዩ። ቀጥላችሁ እያስረዳችሁ በዝግታ ሥሩት። በሦስተኛው ልጆቹ ይሥሩ፣ እናንተ በቃል ብቻ ምሯቸው፤ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አስገቡ። በመጨረሻ ዞር በሉላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ልጅ ለሌላ ልጅ ያሳይ። ማሳየት ካቃተው ገና ክሮስ ላይ ነው ያለው።

አንደኛ እርምጃ፦ ገመድ

ገመድ ግቢ ውስጥ የሚጀመር ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሜትር ርዝመትና ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ገመድ ስጡት፤ ቀጭን ሲባጎ ለጀማሪ ጣት አይመችም። ጫፉ እንዳይተረተር በክር ጠምጥሞ ማሰር የመጀመሪያው ትምህርት ይሁን።

ሠላሳ ዓይነት ቋጠሮ ማስተማር ከንቱ ድካም ነው። አምስት ይበቃሉ፤ እያንዳንዱም ከሥራው ጋር ይማሩት። ሪፍ የሚባለው ፋሻና ጥቅል ለማሰር ነው፤ ሁለት ገመድ ቀጥሎ ሸክም ለመያዝ ፈጽሞ አይሆንም፣ ሸርተት ይላል። ሁለት ገመድ ለመቀጠል፣ በተለይ ውፍረታቸው ሲለያይ፣ ሺት ቤንድ አለ። ክሎቭ ሂች ገመድን በእንጨት ላይ ለማሰርና የእንጨት ማጣመሪያን ለመጀመር ያገለግላል። ቶት ላይን የድንኳን ገመድ የሚወጠርበትና የሚላላበት ነው። አምስተኛው ቦውላይን ሲሆን፣ ሲጎተት የማይጠብቅ ቀለበት ይሠራል።

ቦውላይን እንዲህ ይታሰራል። የገመዱን ጫፍ በቀኝ እጅ፣ ረጅሙን ክፍል በግራ እጅ ያዙ። ረጅሙ ክፍል ላይ፣ የምትፈልጉትን ትልቅ ቀለበት ያህል ከጫፉ ርቃችሁ፣ ትንሽ ቀለበት ሥሩ፤ ወደ ጫፉ የሚሄደው ክፍል ከላይ፣ ረጅሙ ክፍል ከሥር ይሁን። ጫፉን ከሥር ወደ ላይ በትንሹ ቀለበት ውስጥ አውጡት። በረጅሙ ክፍል ጀርባ አዙሩት። በመጣበት ቀለበት መልሳችሁ ወደ ታች አስገቡት። አሁን ጫፉን ከጎኑ ካለው ክፍል ጋር አንድ ላይ ይዛችሁ ረጅሙን ሳቡ። ትልቁን ቀለበት ብትጎትቱት ካልጠበበ በትክክል ታስሯል፤ ከጠበበ ትንሹ ቀለበት ተገልብጧል ማለት ነው፣ ከዚያ ጀምሩ።

ልጁ ጠረጴዛ ላይ አምስቱንም ካሰረ በኋላ ፈተናው ይመጣል። ቦውላይኑን ዓይኑን ጨፍኖ በራሱ ወገብ ዙሪያ ይሰር። ሸራ በሁለት ዛፎች መካከል ይወጥር፣ ውሃ ይደፋበት፣ ውሃው ሳያቁር ይውረድ። ሦስት እንጨቶችን አጣምሮ ባለ ሦስት እግር ማስቀመጫ ይሥራና የውሃ ባልዲ ይስቀልበት። ባልዲው ካልወደቀ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ስለት

ስለት ረጅም ትምህርት አይፈልግም፤ ጥብቅ ሥርዓት ግን ይፈልጋል። ሰንጢው ከመከፈቱ በፊት ልጁ የታጠፈውን ሰንጢ ይዞ ክንዱን ይዘርጋና በዙሪያው ይዙር፤ ማንንም ሊነካ የሚችል ከሆነ አይከፈትም። ተቀምጦ፣ ክርኖቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ከሰውነቱ አርቆ ይቅረጽ። ጭኑ ላይ አድርጎ መቅረጽ ክልክል ነው፤ በጭን ውስጠኛ ክፍል ትልቅ የደም ሥር ያልፋል። ሰንጢ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ታጥፎ ይሰጣል፤ የማይታጠፍ ቢላዋ ከሆነ እጀታውን ወደ ተቀባዩ አዙሮ፣ ተቀባዩ "አመሰግናለሁ" እስኪል ሳይለቁ መያዝ ነው። "አመሰግናለሁ" የሚለው ቃል "ይዤዋለሁ" ማለት ነው።

ዶልዱም የሆነ ሰንጢ ይበልጥ ይቆርጣል፤ የሚቆርጠው ግን እንጨቱን አይደለም፣ ኃይል ሲጨመርበት አምልጦ እጅን ነው። ስለዚህ መሳል ከመቅረጽ ቀድሞ ይማሩ። የመጀመሪያው ሥራ የድንኳን ካስማ ይሁን፦ አንዱ ጫፍ ሹል፣ ሌላው ጫፍ ገመድ የሚይዝ ጥርስ ያለው። መጥረቢያና መጋዝ ለትልልቆቹ፣ አዋቂ በቆመበት ብቻ።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ካርታና ኮምፓስ

ኮምፓሱን ደብቁትና በካርታ ብቻ ጀምሩ። ልጆቹ ካርታውን በዙሪያቸው ከሚያዩት ኮረብታ፣ መንገድና ወንዝ ጋር አግጥመው ያዙሩት። 1፡50,000 በሆነ ካርታ ላይ ሁለት ሴንቲሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ በ1፡25,000 ካርታ ደግሞ አራት ሴንቲሜትር። ኮንቱር መስመሮቹ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) ከተጠጋጉ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ከተራራቁ ለጥ ያለ። ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ እርጥብ አፈር ላይ ትንሽ ጉብታ ሥሩና በእኩል ከፍታ ላይ ክር እያዞሩ ያስምሩበት፤ ከላይ ቆመው ሲያዩት ካርታውን ራሳቸው ሠርተውታል።

ኮምፓስ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ጠፍጣፋ መደብ ያለው ኮምፓስ ይዛችሁ እንዲህ አድርጉ፦

1. የኮምፓሱን ጠርዝ ካላችሁበት ቦታ ወደምትሄዱበት ቦታ አስተካክላችሁ ካርታው ላይ አጋድሙ፤ የጉዞ ቀስቱ ወደ መድረሻው ይመልከት።
2. ክቡን መደወያ አዙሩ፤ በውስጡ ያሉት መስመሮች ከካርታው የሰሜን መስመሮች ጋር ትይዩ ይሁኑ፣ የሰሜን ምልክቱም ወደ ካርታው ሰሜን ይዙር።
3. ካርታው ላይ የተጻፈውን የመግነጢሳዊ ሰሜን ልዩነት (መርፌው የሚያሳየው ሰሜን ከካርታው ሰሜን የሚለይበትን ዲግሪ) ደምሩ ወይም ቀንሱ።
4. ኮምፓሱን ደረታችሁ ላይ አግድም ይዛችሁ፣ ቀዩ መርፌ የሰሜን ምልክቱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ መላ ሰውነታችሁን አዙሩ።
5. የጉዞ ቀስቱ በሚያመለክትበት አቅጣጫ አንድ ዛፍ ወይም ድንጋይ ምረጡና ወደዚያ ሂዱ። ስትደርሱ ድገሙት።

ልጆች አምስተኛውን ይዘሉታል። መርፌውን እያዩ ይሄዳሉ፣ ይደናቀፋሉ፣ ቀስ በቀስም ወደ ጎን ይሸሻሉ። የአምስት ዲግሪ ስሕተት በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 87 ሜትር ያህል ያርቃል፤ በጫካ ውስጥ ይህ ድልድዩን ማጣት ማለት ነው። ሌላው የተለመደ እክል ብረት ነው። ሰንጢ ወይም ስልክ ከኮምፓሱ አጠገብ ካለ መርፌው ይዋሻል።

ርቀትን በእርምጃ መቁጠርም ያስፈልጋል። 100 ሜትር ለኩና እያንዳንዱ ልጅ ግራ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር እየቆጠረ ይሂድ። በሜዳ ላይ አንዴ፣ በዳገት ላይ አንዴ፣ ሸክም ይዞ አንዴ። ሦስቱ ቁጥሮች ይለያያሉ፤ ልጁ የራሱን ቁጥሮች ደብተሩ ላይ ይጻፍ።

አራተኛ እርምጃ፦ የሙሉ ቀን ጉዞ

የጉዞ ሰዓት ለማስላት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ለአምስት ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። ይህ ግን ለጠንካራ አዋቂ ነው። ለልጆች በሰዓት ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ አታስሉ፤ ዕረፍቱን ለብቻው ደምሩ፤ ከመጨለሙ ሁለት ሰዓት ቀድሞ የሚያልቅ መንገድም ምረጡ። ፓትሮሉ ራሱ የጉዞ ዕቅዱን ይጻፍ፤ አንድ ቅጂ ቤት ለሚቀር አዋቂ ይሰጥ፣ የመመለሻው ሰዓትም ይጻፍበት።

የጀርባ ቦርሳው ክብደት ከልጁ ክብደት አንድ አምስተኛ አይብለጥ፤ 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከስምንት ኪሎ በላይ አይሸከምም። ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባ ተጠግቶ በትከሻዎቹ መካከል፣ ቀላሉ ከታችና ከውጪ፣ የዝናብ ልብስ ከሁሉም በላይ። ከጉዞው በፊት ባለው ስብሰባ ቦርሳቸውን ይዘው ይምጡና መሬት ላይ ዘርግፉት። የማይረባው ነገር ብዛት ሁልጊዜ ያስገርማል።

የጉዞው ፍጥነት በመጨረሻው ልጅ ይወሰናል፤ ስለዚህ ዘገምተኛውን ከፊት አድርጉት። ፈጣኖቹ ተራርቀው ሄደው፣ ቁጭ ብለው አርፈው፣ የደከመው ሲደርስ ብድግ ብለው የሚሄዱበት ቡድን የደከመውን ልጅ ዕረፍት ነጥቆታል።

በተነሡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ቁሙና እግራቸውን ጠይቁ። "ትንሽ ያቃጥለኛል" ያለ ልጅ ጫማውን እዚያው ያውልቅ፤ ቦታው ደርቆ በፕላስተር ይሸፈን። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ሕክምና ነው፤ ከዚያ በፊት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ልጆች ዝም ይላሉ፣ በተለይ ጓደኞቻቸው ፊት። ጥያቄው ከፓትሮል መሪው ቢመጣ ይመረጣል።

ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመሩ፣ በየዕረፍቱም እየተያዩ ይቆጣጠሩ። እያንዳንዱ ልጅ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠልጥል። ከቡድኑ የተለየ ልጅ የሚያደርገው ነገር አጭር ነው፦ መቆም፣ መቀመጥ፣ ሦስት ጊዜ መንፋት፣ መጠበቅ፣ እንደገና ሦስት ጊዜ መንፋት። መንገድ ፍለጋ አይሄድም። ይህን በጨዋታ መልክ አስቀድማችሁ አለማምዱት፤ የፈራ ልጅ የተለማመደውን እንጂ የተነገረውን አያስታውስም።

ሰማዩ ከተለወጠ ቁጠሩ። መብረቁ ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ከተሰማ፣ መብረቁ ከአሥር ኪሎ ሜትር የራቀ አይደለም፤ ወደ ሕንፃ ወይም ወደ መኪና ግቡ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ። ከገላጣ ኮረብታና ለብቻው ከቆመ ዛፍ ራቁ። ድንኳን ከመብረቅ አያድንም።

አምስተኛ እርምጃ፦ እሳት

በዚህ ላይ መቆየት ይገባል፤ ልጆች ካምፕ የሚናፍቁትም፣ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያገኛቸውም በእሱ ነው። መጀመሪያ በቦታው እሳት መንደድ መፈቀዱን አረጋግጡ። ነፋስ ካለ ወይም ሣሩ ደርቆ ከሆነ አይነድም፤ በጋዝ ምድጃ ይበሰላል። የጋዝ ምድጃም ቢሆን ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ከቃጠሎው በላይ የሚያሰጋው ሽታ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ነው።

ቦታውን አዘጋጁ። ሦስት ሜትር ስፋት ያለውን ክብ ከቅጠልና ከሣር አጽዱ፤ ከላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ አይኑር። ድንኳኖቹ ቢያንስ አምስት ሜትር ይራቁ፣ ነፋሱም ወደ እነሱ አይንፈስ። ውሃ የሞላ ባልዲ ክብሪት ከመጫሩ በፊት እዚያው ይቀመጥ። "እናመጣለን" አይባልም።

ቀጥሎ ማገዶ መልቀም። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚፈተነው፤ ልጆች ጥቂት እንጨት ይዘው መጥተው ክብሪት ይጠይቃሉ። አትስጡ። ሦስት ክምር ይኑር፦ መለኮሻ፣ ጭራሮ፣ ፍልጥ። መለኮሻው ሁለት እጅ ሙሉ የደረቀ ሣር፣ የዛፍ ልጣጭ ወይም በሰንጢ የተላገ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። ጭራሮው ከክብሪት እንጨት ውፍረት ተነሥቶ እስከ እርሳስ፣ ከዚያ እስከ አውራ ጣት የሚደርስ ሲሆን፣ ብዛቱ ልጁ በሁለት ክንዱ ታቅፎ የሚይዘው ያህል ይሁን። ፍልጡ የመጨረሻው ነው። የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር ቀጭ ይላል፤ የሚታጠፍ ከሆነ እርጥብ ነው። ዝናብ ከነበረ መሬት ላይ የተኛውን ትታችሁ፣ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የደረቀውን ፈልጉ፤ ወፍራሙንም ፈልጣችሁ ውስጡን ተጠቀሙ፣ ብዙ ጊዜ ልቡ ደረቅ ነው። ከለምለም ዛፍ ምንም አይሰበርም።

አነዳደዱ እንዲህ ነው። ልጁ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ይንበርከክ። አውራ ጣት የሚያህል እንጨት መሬት ላይ ያጋድም፤ መለኮሻውን ከእሱ አጠገብ ሳይጨፈልቀው ያስቀምጥ። በጣም ቀጭኖቹን ጭራሮዎች በተጋደመው እንጨት ላይ አስደግፎ ከመለኮሻው በላይ ይደርድር፤ በመካከላቸው አየር ይግባ። ክብሪቱን ጭሮ ነበልባሉ እስኪጠነክር በሁለት እጁ ይከልለው፤ ከዚያ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከሥር፣ መለኮሻው ላይ ያስጠጋ። አሁን እጁ ይቸኩላል፤ ትልቅ እንጨት መጣል ያምረዋል። ነበልባሉ ከጭራሮው በላይ ብቅ ሲል ብቻ እርሳስ የሚያህለው ይጨመር፤ እሱ ሲይዝ ወፍራሙ። ጭስ ከበዛ አየር አንሷል ወይም እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ከሥር ቀስ ብሎ እፍ ይባላል፣ ከላይ አይደለም።

ምግብ የሚበስለው በፍም ነው፤ በነበልባል ላይ የተጣደ ድስት ውጪው ሲያር ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ እሳቱ ከምግቡ 40 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይንደድ።

እሳት ያነደደ ልጅ ራሱ ያጥፋ፤ ፊርማውም ከማጥፋቱ በፊት አይሰጥም። ውሃ ያፍስስ፣ በእንጨት ያማስል፣ እንደገና ያፍስስ። ሲሲታው ቆሞ፣ ጭሱ ጠፍቶ፣ የእጁን ጀርባ በመጀመሪያ አስጠግቶ ቀጥሎ አመዱ ላይ ሲያሳርፍ ሙቀት ካልተሰማው ጠፍቷል። አፈር ብቻ መመለስ አይበቃም፤ ረመጥ ከአፈር ሥር ሰዓታት ይቆያል።

ለቃጠሎ የሚደረገው እርዳታ እዚሁ ይማሩ፦ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ ቅባትም የጥርስ ሳሙናም አለመቀባት፣ የሰፋ ወይም ፊት ላይ የደረሰ ከሆነ ወደ ሐኪም መውሰድ። የመጀመሪያ እርዳታ ለብቻው በክፍል ከሚሰጥ፣ ከየክህሎቱ ጋር ቢያያዝ ይሻላል። ከስለት ጋር ደም ማቆም (በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ በየደቂቃው እየገለጡ አለማየት)፣ ከጉዞ ጋር ወለምታ፣ ከካምፕ ጋር ብርድ።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ማደር

የመጀመሪያው ሌሊት ቅርብ ቦታ ይሁን፤ አንድ ልጅ ቢታመም ወይም ቤቱን ናፍቆ ቢያለቅስ መመለስ የሚቻልበት። ድንኳን የሚተከለው ከፍ ባለና ውሃ በማያቁርበት መሬት ላይ ነው፤ የደረቀ የወንዝ አሸዋ ለዓይን ቢያምርም ሌሊት ጎርፍ የሚመጣው በእሱ ነው። ቀና ብላችሁም እዩ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ሥር አይተኛም። ካስማው ከገመዱ ተቃራኒ ወደ ውጪ አጋድሎ፣ ወደ 45 ዲግሪ ያህል ዘምሞ ይመታ። ልጆቹ ድንኳኑን ቀን ሁለት ጊዜ ተክለው ይንቀሉ፤ ለደረጃው የሚፈተኑት ግን ሲመሽ፣ በባትሪ ብርሃን ነው።

ብርድ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከሥር የሚነጠፈው ከላይ ከሚለበሰው እኩል ይቆጠራል። ቀን ያላበው ልብስ ሙሉ በሙሉ፣ ካልሲም ሳይቀር፣ ከመተኛት በፊት በደረቅ ይለወጥ።

የመጠጥ ውሃ ከምንጭ ወይም ከወንዝ ከተቀዳ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ይፍላ። መጸዳጃ ከውሃ፣ ከመንገድና ከድንኳን ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ፤ ጉድጓዱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይቆፈር፣ ሲጨርሱ ይደፈን። ቦታውን ማሳየትን በአፍረት አትዝለሉት። ሳይጸዳዱ ውለው የሚታመሙ ልጆች አሉ።

ምናሌውን፣ የሥራ ድልድሉንና የዕቃ ዝርዝሩን ፓትሮሉ ያውጣ። ጨው ከረሱ ያለ ጨው ይብሉ። የእናንተ ድርሻ ረኃብና ጉዳት እንዳይደርስ መጠበቅ ነው፤ የሚጣፍጥ ራት ማረጋገጥ አይደለም።

በማንኛውም መውጫ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ይኑሩ። አዋቂ ከልጆች ጋር በአንድ ድንኳን አያድርም፤ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ከሰው ዓይን አይሰወርም። አዲስ ገቢን ማስፈራራትና "ማልመድ" በሚል ማዋረድ አንድም ጊዜ አይታለፍም፤ ጨዋታ ነው ቢባልም።

ፊርማና ባጅ

ያስተማረውና የሚፈትነው አንድ ሰው ባይሆን ይመረጣል። አስተማሪው ልጁ ምን ለማለት እንደፈለገ ስለሚገባው ግማሹን በሐሳቡ ይሞላለታል። ፈተናው ደግሞ ከትምህርቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይራቅ፤ በዚያው ዕለት የታሰረ ቋጠሮ የጣት ትዝታ ነው። ለእያንዳንዱ ክህሎት ምክንያት ያለው ሥራ ስጡ፤ "ሺት ቤንድ አሳየኝ" ከማለት "ይህ ገመድ አጥሯል፣ ከዚያኛው ጋር ቀጥለህ ሸራውን ወጥር" ማለት።

ያልቻለውን ልጅ "ወድቀሃል" አትበሉት። "ጭራሮው ጥሩ ነበር፤ መለኮሻው ግን ረጥቧል፤ ከምሳ በኋላ ድገመው" ይበቃዋል። የቀረውን ነገር ለይቶ ያወቀ ልጅ ይመለሳል፤ በጥቅሉ "አልቻልክም" የተባለ ልጅ ይቀራል።

አካል ጉዳት ላለበት ስካውት አብዛኞቹ ማኅበራት አማራጭ መስፈርት ይፈቅዳሉ። አማራጩን ከልጁ፣ ከወላጆቹና ከማኅበሩ ጋር ተነጋግራችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ በፈተናው ቀን በርኅራኄ አታልፉት። በርኅራኄ የተሰጠ ባጅ መሆኑን ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ልጁ ነው። በልጃቸው ባጅ የሚቸኩሉ ወላጆችም ይመጣሉ። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አሳዩዋቸውና ለሚቀጥለው ካምፕ ዕቃ እንዲያግዙ ጋብዟቸው።

መሠረታዊ ደረጃዎቹን የጨረሰ ስካውት የፍላጎት ባጆች ውስጥ ሲገባ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ አይጀምር። አንዱን የሚወደውን፣ አንዱን የሚከብደውን ይምረጥ። ወደ ላይኛው ደረጃ የሚጠጉት ደግሞ አንድ ሙሉ የሁለት ሌሊት ካምፕ ከዕቅዱ እስከ ጽዳቱ ይምሩ፤ አዋቂዎቹ 100 ሜትር ያህል ርቀው ድንኳናቸውን ይትከሉ፣ ሲጠሩ ብቻ ይምጡ።

ባጁን በትኩስነቱ ስጡት። ቢቻል እዚያው ካምፑ ላይ፣ ካልሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ፤ የዓመቱን መዝጊያ ዝግጅት አትጠብቁ። የሚሰጠው የፓትሮል መሪው ይሁን፣ ምን ሠርቶ እንዳገኘውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። በዚያው ምሽት ደብተሩ ላይ ቀኑንና የካምፑን ቦታ ጻፉበት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ክብ በቀለም ሙሉት፤ ከልጁም ጋር ቀጣዩን ክሮስ የሚጀምርበትን መውጫ ምረጡ።